ውርጭ የመታው ሎሚ፣ አቮካዶና ጥድ፦ መቼ ይቆረጣል፣ መቼ ይተዋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ቀበና ወንዝ አጠገብ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ከባድ ውርጭ ወርዷል። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየው ሎሚ ቅጠሉ በግማሽ ተቃጥሏል። ተዳቅሎ የተተከለው የሦስት ዓመት አቮካዶ ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል። በጥቅምት የተከረከመው የፈረንጅ ጥድ አጥር ቡናማ ሆኗል፤ አሮጌው ወይራም ጫፍ ጫፉን ተለብልቧል። ጎረቤት «ሳይውል ሳያድር ከሥሩ ቁረጡት፣ ያቆጠቁጣል» ብለዋል። አትክልተኛው «ዩሪያ ጨምረን በየቀኑ እናጠጣው» ይላል። ሚኒሶታ የሚኖሩት ወንድም ደግሞ «እኛ ጋ ጥዶች በክረምት ቡናማ ሆነው በጸደይ ይመለሳሉ፤ አትንኩት» ሲሉ መክረዋል። ማንን እንስማ?

ለእውነቱ የሚቀርበው የወንድምዎ ምክር ነው። ነገር ግን ምክሩ ሚኒሶታ ላይ የሚሠራበት ምክንያትና ቀበና ላይ የሚሠራበት ምክንያት አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ ካልታወቀ ደግሞ ጥሩው ምክር በተሳሳተ ወር ይፈጸማል። ስለዚህ አስቀድሜ ዋናውን ልናገር፦ መጋዝ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አይነሳ፤ ዩሪያ እስከ በልግ ዝናብ አይቅረብ፤ ውሃው በቀረው ቅጠል ልክ ይቀነስ፤ የአቮካዶው ግንድ ግን ዛሬውኑ ነጭ ይቀባ። የቀረው ለምን እንደሆነና ለእያንዳንዱ ዛፍ እንዴት እንደሆነ ነው።

በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋስ ሲያቆምና አየሩ ሲደርቅ መሬቱም ቅጠሉም ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ደመና ስለሌለ የሚመልሰው የለም። በሰው ቁመት ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ እያሳየ፣ ለሰማይ የተጋለጠ ቅጠል ከዜሮ በታች ሊወርድ የሚችለው በዚህ ነው። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል። ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ በቀበናና በግንፍሌ ሸለቆዎች እየወረደ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። ፒያሳ ዳገቱ ላይ ያለ ሎሚ ምንም ሳይነካው ወንዝ ዳር ያለው ሲቃጠል ከዘሩ ችግር አይደለም፤ ከቦታው ነው። ብርዱ የሚበረታው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ፣ በታኅሣሥ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ነው።

በቅጠሉ ውስጥ በረዶ አስቀድሞ የሚሠራው በሴሎች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ያ በረዶ ከሴሎቹ ውሃ እየሳበ ያድጋል፤ ሴሉ በበኩሉ እየደረቀ ይሄዳል። ብርዱ ቶሎ ካለፈ ሴሉ ውሃውን መልሶ ይጠጣና ይድናል። ድርቀቱ ልክ ካለፈ ወይም በረዶው ሴሉ ውስጥ ከገባ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ያኔ ቅጠሉ ጠዋት ላይ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል፣ በሁለት ሦስት ቀንም ይጠቁራል። ይህ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ዛፍ አገገመ ማለት የተቃጠለው ቅጠል ዳነ ማለት ሳይሆን፣ በቅርንጫፉ ላይና በልጡ ሥር ያንቀላፉ እምቡጦች ነቅተው አዲስ ቅጠል አወጡ ማለት ነው። ለዚያ የሚሆነው ስንቅ፣ ማለትም ስታርች፣ በግንዱ፣ በወፍራም ቅርንጫፎቹና በሥሩ ተከማችቶ ይገኛል። አሁን የሚቆረጥ እያንዳንዱ ሕያው እንጨት ከዚህ ስንቅ የሚቀነስ ነው።

ወደ ሚኒሶታ ልመለስ። እዚያ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ወደ 7 ሰዓት የሚጠጋ ልዩነት አለ። ቀኑ ማጠር ሲጀምር ጥዱ ብርዱ ገና ሳይመጣ ይዘጋጃል፦ እድገቱን ያቆማል፣ በሴሎቹ ውስጥ ስኳር ያከማቻል፣ የሴል ሽፋኑን ይለውጣል። እንዲህ የተዘጋጀ ጥድ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን ይቋቋማል፤ ያው ጥድ ግን በሞቃቱ ወራት በእድገት ላይ እያለ ከዜሮ በታች በጥቂት ዲግሪ ይጎዳል። እዚያ ጥድን ቡናማ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ብርዱ ራሱ ሳይሆን ጥም ነው። መሬቱ በረዶ ሆኖ ሥር ውሃ መሳብ ሲያቅተው የፌብሩዋሪና የማርች ፀሐይና ነፋስ ከቅጠሉ ውሃ ይመጥጣሉ። የሚቃጠለው በፀሐይና በነፋስ በኩል ያለው ጎን፣ ከበረዶ ክምር በላይ ያለውም ክፍል ነው። እምቡጦቹ ግን በቅርፊታቸው ተጠቅልለው ብዙ ጊዜ በሕይወት ስለሚቆዩ፣ በሜይ አዲስ መርፌ ቅጠል ይወጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ፣ በተለይ ለአጥር የሚተከለው ቱያ፣ ቡናማ የሚመስሉት ለብርዱ ወራት ቀለም ስለሚለውጡ ብቻ ነው፤ ሲሞቅ ያው ቅጠል ይለመልማል። ወንድምዎ አይተው ሊሆን የሚችለው ከእነዚህ አንዱን ነው።

አዲስ አበባ ላይ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ዛፉን «ብርድ እየመጣ ነው፣ ተዘጋጅ» የሚለው ምልክት ደካማ ነው። በታኅሣሥ ቀን ቀን ከ20 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ሎሚና አቮካዶ ለጋ ቅጠል ሊያወጡ ይችላሉ፤ ውርጩ የሚያገኛቸው በዚያ ላይ እያሉ ነው። የቃላቱም ነገር ያሳስታል። የእነሱ ክረምት የብርድ ወራት ነው፤ የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ሲሆን ውርጩ የሚወርደው በበጋ ነው። ስለዚህ «ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቁ» የሚለውን የእነሱን ምክር እስከ መስከረም ቆዩ ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። በእኛ አቆጣጠር የውርጩ አደጋ ጥር ሲወጣ ይቀንሳል፤ የበልግ ዝናብ በየካቲትና በመጋቢት ይጀምራል፤ ዛፉ የቆመበትን የሚያሳየው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። መጠበቅ የሚገባው እስከዚያ ነው።

አሁን ለምን እንደማይቆረጥና ዩሪያ ለምን እንደማይደረግ አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1894 መጨረሻ፣ በእኛ ታኅሣሥ 1887፣ በፍሎሪዳ የብርቱካን እርሻዎች ላይ ከባድ ውርጭ ወርዶ ፍሬና ቅጠል አረገፈ፤ ከዛፎቹ አብዛኞቹ ግን አልሞቱም ነበር። የሚቀጥለው ወር ሞቅ ስላለ ዛፎቹ ስንቃቸውን አውጥተው ማቆጥቆጥ ጀመሩ፣ በልጣቸውም ውሃ ሞላ። በፌብሩዋሪ 1895 መጀመሪያ ሁለተኛው ውርጭ ሲመጣ ያገኛቸው በዚህ ሁኔታ ነበር፤ እስከ መሬት ገደላቸው። ጥር ላይ የሚደረግ ገረዛም (ቅርንጫፍ መቁረጥ) ሆነ ዩሪያ ዛፉን ወደዚያው ይገፋዋል። ገረዛ የቀሩትን እምቡጦች ይቀሰቅሳል፤ ዩሪያ ደግሞ ውሃ የበዛበት ለጋ ቀንበጥ ያስወጣል፤ ከዚያ አንድ ጥርት ያለ ሌሊት ይበቃል። ሁለተኛም ምክንያት አለ። የተቃጠለው ቅጠል ቢያስጠላም ለታችኛው ቅርንጫፍ ጣራ ነው፤ ሌሊት ከሰማይ፣ ቀን ከፀሐይ ይጋርደዋል። ጎረቤትዎ የሚሉት «ያቆጠቁጣል» እውነትነት አለው፤ ግን ለአንዳንዱ ዛፍ ብቻ ነው፣ ጊዜውም አሁን አይደለም።

ከሁሉ ቀላል የሆነውን ሎሚውን ላስቀድም። ቅርንጫፉ መሞት አለመሞቱን ራሱ ቅጠሉ ይናገራል። የተቃጠለው ቅጠል በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ከረገፈ ደስ ይበልዎ፤ ቅጠልን ገፍቶ የሚጥለው በአንገቱ ላይ የሚሠራ ሕያው ክፍል ስለሆነ ቅርንጫፉ በሕይወት አለ ማለት ነው። ቅጠሉ ደርቆ ሳይረግፍ ከተጣበቀ ግን ቅርንጫፉ ራሱ ሞቷል። ለማረጋገጥ ከቅርንጫፉ ጫፍ ጀምሮ ወደ ግንዱ እየወረዱ በየእጅ ስንዝሩ ልጡን በጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይፋቁ። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ክሬም ከታየ ሕያው ነው፤ ደረቅ ቡናማ ከሆነ ሞቷል። ድንበሩ ላይ የጨርቅ ክር ይሰሩ። ይህ ክር የመቁረጫ ምልክት አይደለም፤ ማስታወሻ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ለሳምንታት ቁልቁል ሊቀጥል ይችላል። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጨረሻ እንደገና ይፋቁና ክሩን ያዛውሩ። ክሩ መውረዱን ሲያቆም፣ ከበታቹም ጉንቁል ሲወጣ ዛፉ ራሱ የት ላይ መቆረጥ እንዳለበት ወስኗል። ጥር ላይ በዓይን ገምተው ቢቆርጡ ወይ ሕያውን ይጥላሉ፣ ወይ የሞተውን ትተው ሌላ ጊዜ ይመለሱበታል።

ፍሬው ላይ ላፍታ፦ ውርጭ ያገኘው ሎሚ ዛፉ ላይ ሲቆይ ውስጡ ይደርቃል። አሁን ለቅመው በሳምንት ውስጥ ጨምቀው ይጠቀሙበት። ዛፉ በበልግ ከመጠን በላይ ቢያብብም አይደነቁ፤ ከጭንቅ በኋላ የተለመደ ነው። ዘንድሮ ፍሬውን ገና አተር ሲያህል በብዛት ቢያራግፉለት ስንቁን ለቅጠል ያውለዋል።

ውሃን በተመለከተ አትክልተኛው በቀና ልብ ነው የተሳሳተው። ውሃ የሚተነው በቅጠል ነው፤ ግማሽ ቅጠሉን ያጣ ዛፍ የሚጠጣውም በግማሽ ግድም ይቀንሳል። የግርጌው ጥላ 3 ሜትር ስፋት ያለው ሎሚ ሙሉ ቅጠል ሲኖረው በበጋ በየ10 ቀኑ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ 8 ይበቃዋል፤ አሁን 4 ይበቃል። ከግንዱ ሥር ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ ዙሪያውን፣ በዝግታ ይፍሰስ፤ ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች የሚበዙት ከግንዱ ራቅ ብሎ ነው። ከማጠጣትዎ በፊት አንድ ስንዝር ቆፍረው አፈሩን በእጅዎ ይጨብጡ፤ ተጣብቆ ቅርጽ ከያዘ ሦስት አራት ቀን ይቆዩ። የግቢዎ አፈር ዋልካ ከሆነ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ዋልካ ላዩ ተሰነጣጥቆ ደረቅ መስሎ ታቹ ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ ፈጽሞ ከደረቀ ደግሞ ስንጥቁ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። ስንጥቁን በደቃቅ አፈርና በኮምፖስት መሙላት ከተጨማሪ ጀሪካን ይበልጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የእቃ ማጠቢያ ውሃ ለዛፍ መስጠት ይቻላል፤ በረኪና ወይም ብዙ ኦሞ የገባበትን ግን አያቅርቡ።

አቮካዶው የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አቮካዶዎች ብርድን የመቻላቸው ነገር በዘራቸው ይለያያል። የሜክሲኮ ዘር ጠንካራው ነው፣ የጓቲማላ መካከለኛ፣ የዌስት ኢንዲስ ደካማው። ሀስ የሚባለው ከዜሮ በታች 1 እና 2 ዲግሪ ላይ መጎዳት ይጀምራል፤ ፉዌርቴ ትንሽ ይሻላል። የሦስት ዓመት ተክል ሌላም ችግር አለበት፦ አጭር ስለሆነ ሙሉ አካሉ ያለው ቀዝቃዛው አየር በሚተኛበት መሬት አጠገብ ነው፤ ልጡም ገና ስስ ነው።

ውርጩን ተርፎ የሚሞት አቮካዶ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከሁለት በአንዱ ነው፤ ሁለቱም በእጃችን ናቸው። አንደኛው ፀሐይ ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ ጥላ ለምዶ የኖረው አረንጓዴ ልጥ ለበጋ ፀሐይ ይጋለጣል፤ ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ምግብ የሚመላለስበት ልጥ በዚያ ጎን ይሞታል። ስለዚህ ዛሬውኑ ነጭ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በእኩል ውሃ አቅጥነው ግንዱንና ለሰማይ የተጋለጡትን ቅርንጫፎች ሁሉ ይቀቡ፤ ለእንዲህ ያለ ተክል ግማሽ ሊትር የተበጠበጠ ቀለም ይተርፋል። የዘይት ቀለም ፈጽሞ አይሆንም፤ ልጡን ይገድላል። ቀለም ከሌለ ኖራ ይሠራል፤ ዝናብ ካጠበው ግን መድገም ያስፈልጋል። እምቡጥ ላይ ቢነካም አይጨነቁ፣ በስሱ ከተቀባ ሰንጥቆት ይወጣል።

ሁለተኛው ገዳይ ውሃ ነው። ቅጠል አልባ አቮካዶን በየቀኑ ማጠጣት ሥሩን አየር ያሳጣዋል፤ ፋይቶፍቶራ የሚባለው ሥር አበስባሽ በሽታም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከዚያ በመጋቢት ተክሉ አያቆጠቁጥም፤ ሰውም ውርጩ ገደለው ይላል፤ ቢነቀል ግን ሥሩ ጠቁሮ በጣት ሲነካ ልጡ ይገለጣል። ሙሉ ቅጠል ቢኖረው ይህ ተክል በየ10 ቀኑ 2 ጀሪካን ይበቃው ነበር። አሁን ስንዝር ጥልቀት ላይ አፈሩ መድረቁን አይቶ 10 ሊትር ብቻ መስጠት በቂ ነው፤ ውሃውም የግንዱን እግር አይንካ።

የማዳቀያውን ጠባሳ፣ ማለትም የተመረጠው አቮካዶ ከሌላ ተክል ሥር ጋር የተጋጠመበትን ቦታ፣ ይፈልጉ። ከመሬት አንድ ስንዝር ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ግንዱ ጎበጥ ወይም ወፈር ያለበት ቦታ ነው። ልጡን ፍቀው ከጠባሳው በላይ ቢያንስ ጥቂት ጣት ያህል አረንጓዴ ካገኙ ያው የመረጡት አቮካዶ ተመልሶ ያድጋል። በሚያዝያ ጉንቁሉ የሚወጣው ከጠባሳው በታች ብቻ ከሆነ ግን የሚያድገው መሠረቱ ነው፤ ፍሬው ምን ዓይነት እንደሚሆን አይታወቅም። ያኔም አይንቀሉት። የሦስት ዓመት ሥር ትልቅ ሀብት ነው። ጠንካራውን አንድ ቀንበጥ መርጠው ያሳድጉና እርሳስ ሲያህል የሚያዳቅል ባለሙያ ይጥሩ። ጉንቁሉ ከጠባሳው በላይ ከወጣ ግን በመጀመሪያው ክረምት ሁሉንም ይተዉት፤ ቅጠል በበዛ ቁጥር ሥሩ ይመገባል። ከመስከረም በኋላ አንድ ወይም ሁለቱን አስቀርተው የቀሩትን ያንሱ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ከየትም ምንም ካልወጣና የግንዱ እግር ሲፋቅ ቡናማ ከሆነ፣ ያኔ ይነቀላል።

ወደ ጥዱ አጥር ስመጣ ውርጩን ብቻውን መክሰስ ይከብደኛል። የፈረንጅ ጥድ የሜክሲኮና የጓቲማላ ደጋ ዛፍ ነው፤ ከሎሚ በብዙ የሚበልጥ ብርድ ይችላል። ሎሚን በግማሽ ብቻ ያቃጠለ ውርጭ የበሰለ የጥድ ቅጠልን ያቃጥላል ብዬ አላምንም። ውርጩ ሊያቃጥል የሚችለው በጥቅምት ከተከረከመ በኋላ የወጣውን ለጋ ጫፍ ነው። ስለዚህ ቡናማው የላይኛው ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ አጥሩም ወጥ በሆነ መልኩ ከተለበለበ ውርጭ ነው፤ ምንም አያድርጉ፣ ከመጋቢት በኋላ ከሥሩ ያለው ይሸፍነዋል። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ክርከማው ከነሐሴ መጨረሻ አይለፍ።

ቡናማው ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ የሚወጣ፣ ቦታ ቦታ መርጦ ያጠቃ ከሆነ ግን የዛፉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት የሆነውን የጥድ ክሽክሽ ይጠርጥሩ። ነጭ ጨርቅ ከቅርንጫፉ ሥር ዘርግተው በዱላ መታ መታ ያድርጉት። ግራጫና ቡናማ ቀለም ያላቸው፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ነፍሳት ከወደቁ፣ ቅርንጫፉ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ጉንዳን የሚመላለስበትና ጥቁር ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ያለበት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በጠንካራ የቧንቧ ውሃ ውስጡን ማጠብ ብዙውን ያራግፋል። የቀረውን በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክረው፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይርጩ፤ በሳምንቱ ይድገሙ። ሦስተኛ ተጠርጣሪም አለ። ባለፈው ዓመት በአጥሩ ጥግ ለእግረኛ መንገድ፣ ለቱቦ ወይም ለመሠረት የተቆፈረ ነገር ካለ የተቆረጠ ሥር ጉዳቱን የሚያሳየው ከወራት በኋላ፣ በደረቁ ወቅት ነው። ያ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ቀስ እያለ በአንድ በኩል ይጠወልጋል።

ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን አንድ ነገር በጥድ ላይ አይለወጥም፦ የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት አያቆጠቁጥም። ሎሚና ወይራ በልጣቸው ሥር ያንቀላፋ እምቡጥ አላቸው፤ የፈረንጅ ጥድ ቅጠሉ ካለቀበት እንጨት ላይ የሚነቃ እምቡጥ የለውም። የጎረቤትዎን ምክር ተከትለው ከሥሩ ቢቆርጡት ጉቶ ብቻ ይቀርዎታል። ስትከረክሙም አረንጓዴ ቅርፍት ቅጠል ከሚታይበት አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም። ክፍተት ከተፈጠረ የጎኑን ለምለም ቅርንጫፍ በሲባጎ ስቦ ማሰር ወይም አዲስ ችግኝ መትከል እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። በጫካችን ያለው የሐበሻ ጥድም በዚህ በኩል ከእሱ ብዙም አይለይም።

ወይራው አያሳስብም። የእኛ ወይራ የሜዲትራኒያኑ የዘይት ወይራ የቅርብ ዘመድ፣ የአንድ ዝርያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1956 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በጃንዋሪ 1985 ደግሞ በጣሊያን ቶስካና ውርጭ ብዙ የወይራ ዛፎችን እስከ መሬት ሲገድላቸው፣ ገበሬዎቹ ጉቶውን ቆርጠው ከሥሩ የወጡትን ቀንበጦች አሳደጉ። ዛሬ በእነዚያ አካባቢዎች ከአንድ ሥር ሦስትና አራት ግንድ ያወጡ ወይራዎች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። የእርስዎ ወይራ ጫፉ ብቻ ስለተለበለበ ውሃም መቀስም አያስፈልገውም።

የመቁረጫው ጊዜ ሲደርስ፣ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ፣ ደረቅ ቀን ይምረጡ። መጋዙንና መቀሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገሩ በአልኮል ይጥረጉ። የሞተውን ከሕያው ጉንቁል በላይ ጣት ያህል ትተው ይቁረጡ፤ ሙሉው ቅርንጫፍ ከሞተ ደግሞ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት እብጠት አጠገብ፣ እብጠቱን ሳይነኩ። ከክንድ የሚወፍር ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይገዘገዝ፣ ሲወድቅ ልጡን ይዞ ይገሸልጣል። መጀመሪያ ከግንዱ ሁለት ስንዝር ራቅ ብሎ ከታች በኩል ሲሶውን፣ ቀጥሎ ትንሽ ወደ ውጭ ከላይ እስኪወድቅ፣ በመጨረሻ የቀረውን ቁራጭ እብጠቱ አጠገብ። ቁስሉን ቀለምም ጭቃም አይቀቡት፤ ራሱ ይዘጋዋል። ዩሪያው የሚገባው አዲሱ ቀንበጥ ስንዝር ሲሞላና ዝናቡ ሲጀምር ነው፦ ለሎሚው አንድ የሻይ ብርጭቆ፣ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ ተበትኖ፣ በሐምሌም አንድ ጊዜ ተደግሞ። ለአቮካዶው ዘንድሮ ዩሪያ ሳይሆን ሁለት አካፋ የበሰለ ፍግ ይበቃል።

ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ለሚቀጥለው ውርጭ መዘጋጀት ይቻላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ ከ8 ዲግሪ በታች ሆኖ ኮከብ ጥርት ብሎ ከታየና ቅጠል ካልተንቀሳቀሰ አቮካዶውን ይሸፍኑ። አራት እንጨት ተክለው ጆንያ ወይም አሮጌ አንሶላ እስከ መሬት ያውርዱበት፤ የሚያሞቀው ከመሬት የሚወጣው ሙቀት ስለሆነ ዳርና ዳሩ ክፍት ከሆነ ትርፉ ትንሽ ነው። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካውን ያቃጥላል። በዚያው ውስጥ ቀን ፀሐይ ሲሞቁ የዋሉ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ያስቀምጡ፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሌሊት በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት 30 ዋት ገደማ የሚሆን አምፖል ለ8 ሰዓት ከሚሰጠው ጋር ይመጣጠናል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሽፋኑ ይነሳ። መሬቱም ከቀኑ በፊት ረጠብ ያለ፣ ያልተኮተኮተ፣ ጉዝጓዙ ወደ ጎን የተገፋ ይሁን፤ ደረቅና የላላ አፈር፣ ከላዩም ገለባ ያለበት፣ ቀን ሙቀት አይቀበልም፣ ሌሊትም አይመልስም። ጭስ ማጨስ ጎረቤት ከማስቸገር በቀር ብዙም አይረዳም።

የመጨረሻው ጉዳይ አጥሩ ራሱ ነው። በጥያቄዎ የጥዱ አጥር በወንዙ በኩል፣ በግቢው ዝቅተኛ ጎን እንዳለ ገልጸዋል። ከላይ የሚፈስሰው ቀዝቃዛ አየር እዚያ ሲደርስ እንደ ግድብ ያቆመዋል፤ ሎሚውና አቮካዶው የቆሙት በዚያ ኩሬ ውስጥ ነው። ለአየሩ መውጫ መስጠት ከማንኛውም ሽፋን ይበልጣል። በግንቦት የአጥሩን ግርጌ ቅርንጫፎች ከመሬት እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ በሦስት አራት ሜትር ርዝመት ላይ ያንሱ፤ ከጀርባው የድንጋይ አጥር ካለም እዚያው ትይዩ የውሃ መውረጃ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይከፈቱ። ጥድ ከአሮጌ እንጨት ስለማያቆጠቁጥ የተነሳው ግርጌ ተመልሶ አይዘጋም፤ መውጫው በየዓመቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል።